ስለ ታናሺቱ የእንፋሎት ባቡር፤ ሳትቆም የምትሄድበትና እንከንዋ የሚታረምበት መንገድ

ትልቁን ነገር በትንሽ ምሳሌ አድርጎ ማሳየት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ካስማ ከመትከሉ በፊት በመሬት ላይ በእንጨት ጫፍ ይነድፋል፤ አባት ለልጁ ጥማድ በሬ ከጭቃ ሠርቶ የእርሻን ሥራ ያለማምደዋል። ታናሺቱ ባቡርም እንዲሁ የታላቁ ምድር ባቡር ምሳሌ ናት። ሐዲድዋ፣ መንኰራኵርዋ፣ ዘንግዋና ጭስ ማውጫዋ ሁሉ በመጠን አንሰው፣ ሥርዓታቸው ግን ሳይለወጥ ይታያሉ። ስለዚህ ምድር ባቡር በማያልፍበት አገር የሚኖር ተማሪ እንኳ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ የምድር ባቡርን አካሄድ ሊማር ይችላል።

ነገር ግን ይህች ታናሽ መሣሪያ አንድ ጠባይ አለባት። ዛሬ በደኅና የሄደች እንደ ሆነ ነገ ያለ ምክንያት የቆመች ትመስላለች። መምህሩም በተማሪዎቹ ፊት ስላፈረ ሳጥንዋ ውስጥ ይከታታል፤ «ተበላሽታለች» ይባልና ሁለተኛ አትወጣም። ለማስተማር የተገዛ ወይም በስጦታ የመጣ ዕቃ በዚህ ዓይነት በግምጃ ቤት አቧራ ለብሶ ቢቀር፣ ጉዳቱ የዕቃው ብቻ አይደለም። ልጆቹ የሚማሩት መጥፎ ትምህርት ነው፤ ይኸውም መኪና ሲቆም የሚጣል ነገር ነው ብለው ያምናሉ። እውነቱ ግን አብዛኛው የታናሺቱ ባቡር እንከን በጥጥ፣ በአልኮልና በአንዲት ጠብታ ዘይት የሚድን ነው። የሚያስፈልገው ብልሃት ምክንያቱን በተራ መፈለግ ብቻ ነው።

1ኛ ክፍል፤ ታላቁ ባቡር በአገራችን

በእንፋሎት ኃይል በሐዲድ ላይ የሚሄድ ሠረገላ መጀመሪያ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። ሪቻርድ ትሬቪቲክ የሚባል መሐንዲስ በፈረንጅ ቁጥር በ1804 በዌልስ አገር እንዲህ ያለ ሠረገላ ሠርቶ አስኬደ። ከዚያም በ1829 ጆርጅ እስቲፈንሰንና ልጁ ሮበርት «ሮኬት» የተባለችውን ባቡር አቅርበው በሬይንሂል በተደረገው ውድድር አሸነፉ።

ወደ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሊገባ የተቻለው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በገንዘብና በመንግሥታት ክርክር ምክንያት ብዙ ዘመን ከዘገየ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ ለገሀር እየተባለ የሚጠራው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። የመንገዱ ርዝመት በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበረ።

ይህ መንገድ ለእንፋሎት ባቡር ቀላል አልነበረም። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ሆነ ከፍታ ይወጣል፤ የመንገዱም ብዙ ክፍል ውሃ እምብዛም የማይገኝበት በረሃ ነው። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ከሰል ወይም እንጨት ብቻ ሳይሆን ብዙ ውሃ የሚጠጣ ነው። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በናፍጣ የሚሠሩ ባቡሮች እየገቡ የእንፋሎቱ ባቡሮች ከሥራ ወጡ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባና የጂቡቲ ምድር ባቡር ተመረቀ፤ የዚህ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው።

2ኛ ክፍል፤ መጠን ሲያንስ የሚለወጠውና የማይለወጠው

በዓለም ላይ ይልቁን የተለመደው የታናሽ ባቡር መጠን ታላቁን ለ87 የከፈለ ነው። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው በዚህ መጠን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የአዲሱ ምድር ባቡር የሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ለ87 ሲካፈል 16 ተኩል ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ለመደበኛው ታናሽ ሐዲድ የተወሰነው ስፋትም ይኸው ነው። የጥንቱ የጂቡቲ መንገድ አንድ ሜትር ስፋት ሲካፈል 11 ተኩል ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ስለዚህ እርሱን የሚመስል ባቡር የሚሠራ ሰው ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን ሐዲድ ይመርጣል። 784ቱ ኪሎ ሜትር ደግሞ በዚሁ ስሌት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም ከአዲስ አበባ ምዕራብ ከቤቴል ተነሥቶ ወደ ለገሀር የሚሄድ ሰው ከሚረግጠው መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው።

እንግዲህ አስተዋይ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ «ሁሉም ነገር እኩል ካነሰ ታናሺቱ ባቡር እንደ ታላቁ ሳትቆም የማትሄደው ስለ ምንድር ነው?» ይላል። መልሱ ሁሉም ነገር እኩል አያንስም የሚል ነው።

መጀመሪያ፤ አቧራ አያንስም። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል የአሸዋ ቅንጣት በታናሹ ሐዲድ ላይ ብትወድቅ፣ በታላቁ ሐዲድ ላይ 87 ሚሊ ሜትር የሚያህል ድንጋይ እንደ ወደቀ ይቈጠራል። ከምንጣፍ የተነሣ አንድ ክር በመንኰራኵሩ ዘንግ ላይ ቢጠመጠም ለታላቁ ባቡር ወፍራም ገመድ እንደ ተጠመጠመበት ነው።

ሁለተኛ፤ ክብደት ከርዝመት ይልቅ እጅግ ይቀንሳል። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ እያንዳንዳቸው ለ87 ሲካፈሉ ክብደት ለ87 ሦስት ጊዜ ይካፈላል። 87 በ87 ሲባዛ 7,569 ነው፤ ይህም እንደ ገና በ87 ሲባዛ 658,503 ይሆናል። ስለዚህ 50,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባቡር በእውነተኛው ስሌት ቢያንስ 76 ግራም ያህል ብቻ ይቀረዋል። ታላቁ ባቡር በክብደቱ ሐዲዱን ይጨብጣል፤ ትንሽ ቆሻሻ ቢያገኝም ጨፍልቆት ያልፋል። ታናሺቱ ግን ቀላል ስለሆነች ቀጭን የቅባት ንጣፍ እንኳ ከሐዲዱ ያለያያታል። ስለዚህ ምክንያት ሠሪዎችዋ በሆድዋ ውስጥ ከባድ ብረት ይጨምሩባታል። የታናሺቱ ባቡር እንከን አብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ፣ ይኸውም ከአቧራና ከክብደት ማነስ የሚወለድ ነው።

3ኛ ክፍል፤ ኃይልዋ ከወዴት ይመጣል

ታላቁ የእንፋሎት ባቡር የሚሄደው ውሃ በተዘጋ ማፍያ ውስጥ ሲፈላ በሚወጣው እንፋሎት ነው። አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ወለል ላይ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን 1,700 ሊትር ያህል ስፍራ ይፈልጋል። ይህን ስፍራ ስላላገኘ በማፍያው ግድግዳ ላይ ይገፋል። መውጫ ሲከፈትለት ወደ ሲሊንደሩ ይገባና ፒስቶኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ ፒስቶኑም በዘንግ አማካይነት መንኰራኵሩን ያዞራል።

ታናሺቱ ባቡር ግን ብዙ ጊዜ መልክዋ የእንፋሎት፣ ኃይልዋ የኤሌክትሪክ ነው። በሆድዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞተር አለች። ኃይሉ እስከ 12 ቮልት ከሚደርስ ማከፋፈያ ተነሥቶ በሁለቱ ሐዲዶች ይመጣል፤ በአንደኛው ይገባል፣ በሁለተኛው ይመለሳል። የግራው መንኰራኵር ከቀኙ ጋር በኤሌክትሪክ እንዳይገናኝ በመካከላቸው መለያ አለ። በመንኰራኵሮቹ ጀርባ የሚነኩ ቀጫጭን የነሐስ ምላሶች ኃይሉን ለቅመው ወደ ሞተሩ ያደርሳሉ። ሞተሩ በጥርሳም መንኰራኵሮች አማካይነት ዋናውን መንኰራኵር ያዞራል፤ ሌሎቹን የሚያዞራቸው በጎን ያለው ዘንግ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በቤቴል የሚያስተምር መምህር ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ተማሪዎቹን ወደ ጦር ኃይሎች ይዞ ቢወርድ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ቀላል ባቡር የምዕራብ መጨረሻ ጣቢያ ያሳያቸዋል። የዚያ ባቡር ኃይል 750 ቮልት ሆኖ ከላይ በተዘረጋው ሽቦ ይመጣና በመንኰራኵርና በሐዲድ ይመለሳል። ታናሺቱ ባቡር ከላይ ሽቦ ስለሌላት መግቢያውንም መመለሻውንም ከሁለቱ ሐዲዶች መሻት ግድ ሆነባት። ከሁለቱ አንዱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቢቋረጥ ትቆማለች።

4ኛ ክፍል፤ እንከንን የመፈለግ ሥርዓት

ባቡሪቱ ስትቆም ልምድ የሌለው ሰው ወዲያው ካቻቪቴ አንሥቶ ይፈታታታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ አንድ የነበረው እንከን በዚህ ጊዜ ሦስት ይሆናልና። አዋቂ ሐኪም ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት በሽተኛውን «የት ያምሃል? መቼስ ያምሃል?» ብሎ ይጠይቃል። የባቡር ሐኪምም እንዲሁ አስቀድሞ ይመልከት፤ በኋላ ይንካ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ቆመች?» የሚል ነው። የቆመችበት ስፍራ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት፤ ባቡሪቱም አሥር ጊዜ ትዙር። ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ስፍራ ከተሰበሰቡ እንከኑ በሐዲዱ ነው። በየስፍራው ከተበተኑ እንከኑ በባቡሪቱ ነው። ሳትቆም ነገር ግን መንኰራኵርዋ አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር አንድ ጊዜ የምታነክስ ከሆነች እንከኑ በመንኰራኵሩ፣ በጎን ዘንጉ ወይም በጥርሱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ድምፅ አላት ወይስ ዝም ብላለች?» የሚል ነው። ለዚህ ባቡሪቱን በለስላሳ ጨርቅ ላይ በጀርባዋ ማስተኛትና ከማከፋፈያው የመጡትን ሁለት ሽቦዎች በግራና በቀኝ መንኰራኵሮችዋ ላይ ማስነካት ይገባል። ተገልብጣ በደንብ የምትዞር ከሆነ ሞተርዋ ደኅና ነው፤ ጉድለቱ በሐዲዱ ወይም በመንኰራኵሩ ንጽሕና ነው። ድምፅ እያሰማች የማትዞር ከሆነ አንድ ነገር ጨብጦ ይዟታል። ጨርሳ ዝም ካለች ኃይሉ በመንገድ ተቋርጧል። በዚህ ጊዜ ሽቦዎቹን በየመንኰራኵሩ ተራ በተራ ማስነካት፣ የትኛው መንኰራኵር ኃይል እንደሚያስተላልፍና የትኛው እንደማያስተላልፍ ይገልጣል።

ሦስተኛው ሕግ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይታረም፤ ከታረመም በኋላ ይፈተን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም፤ ያላወቀውንም ለሌላ ሊያስተምር አይችልም።

5ኛ ክፍል፤ የሐዲድ እንከን

ሐዲድ ከአየርና ከአቧራ የተነሣ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል። ይህ ቅርፊት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መድኃኒቱ ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል አርጥቦ የሐዲዱን ራስ ጨርቁ መጥቈሩን እስኪተው ድረስ መወልወል ነው። የብርጭቆ ወረቀት ግን ማስነካት አይገባም። ለጊዜው ያበራዋል፤ ነገር ግን የሚተወው ጭረት እንደ ገና የቆሻሻ ማደሪያ ስለሚሆን ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ ይጠቍራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሐዲዶች መጋጠሚያ ይታያል። መጋጠሚያው ከላላ ኃይሉ በዚያ ያንሳል። ባቡሪቱ ከማከፋፈያው በራቀች መጠን እየደከመች፣ በቀረበች መጠን እየፈጠነች ብትሄድ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔውም ከማከፋፈያው ሁለት ተጨማሪ ሽቦዎች ወደ ሩቁ የሐዲድ ክፍል ወስዶ በካውያ መበየድ ነው። ሐዲዶቹ ጫፍ ለጫፍ ተጠባብቀው እንዳይገጠሙም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። 10 ሜትር የሚረዝም የብረት ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት ተኩል ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሚረዝምበት ክፍተት ካላገኘ ይጐብጣል። በጥንቱ የምድር ባቡር ሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ይተው የነበረውም፣ የቀድሞ መንገደኞች የሚያስታውሱት «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅም ከዚያ የመጣ ነው።

መንገድ መቀየሪያው ደግሞ ብቻውን ሊታይ ይገባዋል። ሁለቱ ሐዲዶች በሚተላለፉበት ስፍራ ኃይል የሌለበት አጭር ቁራጭ ብዙ ጊዜ አለ። ረጅም ባቡር በሌሎች መንኰራኵሮቹ ኃይል እየለቀመ ይሻገረዋል፤ አጭር ባቡር ግን ሁሉም መንኰራኵሮቹ በዚያ ላይ ስለሚያርፉ ይቆማል።

6ኛ ክፍል፤ የመንኰራኵርና የኃይል መልቀሚያ እንከን

የመንኰራኵርን ቆሻሻ ለማጽዳት ቀላል ዘዴ አለ። በአልኮል የረጠበ ጨርቅ በሐዲዱ ላይ ይነጠፍ፤ የባቡሪቱ ግማሽ መንኰራኵሮች በጨርቁ ላይ፣ ግማሾቹ በባዶው ሐዲድ ላይ ይሁኑ። ባቡሪቱን በእጅ ይዞ ኃይል ሲሰጣት በጨርቁ ላይ ያሉት መንኰራኵሮች እየዞሩ ራሳቸውን ያጥባሉ። ቀጥሎ ባቡሪቱን አዙሮ ለቀሩት እንዲሁ ማድረግ ነው። አንዳንድ መንኰራኵሮች እንዳይንሸራተቱ የላስቲክ ቀለበት የለበሱ ናቸው። እነዚህ ኃይል አይለቅሙም፤ ላስቲኩም አርጅቶ ከላላ መለወጥ ይገባዋል።

በመንኰራኵሮቹ ጀርባ ያሉት የነሐስ ምላሶች በቀስታ ሊነኩ ይገባል። ጨርሰው ካልነኩ ኃይል አይመጣም፤ አጥብቀው ከገፉ መንኰራኵሩን ያስሩታል።

በብዙ ዓይነት ባቡሮች ላይ ደግሞ ዋናይቱ ባቡር ከአንዱ ሐዲድ፣ ከሰልና ውሃ የሚጫንበት ተከታይ ሠረገላ ከሌላው ሐዲድ ኃይል ይለቅማሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ማያያዣ ዘንግ እንግዲህ የሚጐትት ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚያሻግር ድልድይ ነው። በዚያች ትንሽ ችንካር ላይ ቆሻሻ ወይም ዝገት ካለ፣ ሐዲዱም መንኰራኵሩም ቢጸዳ ባቡሪቱ መንቀጥቀጥዋን አትተውም። ብዙ ሰው የሚደክመው ይህን ስፍራ ስለሚረሳው ነው።

ባቡሪቱ ከሐዲድ የምትወጣ ከሆነ የሁለቱ መንኰራኵሮች መካከል ይለካ። ለ16 ተኩል ሚሊ ሜትር ሐዲድ ከአንዱ መንኰራኵር ጀርባ እስከ ሌላው ጀርባ 14 ተኩል ሚሊ ሜትር ግድም ሊሆን ይገባዋል። ጠቦ ወይም ሰፍቶ ከተገኘ በመቀየሪያው ላይ ይወጣል።

7ኛ ክፍል፤ የጎን ዘንግና የጥርስ እንከን

የጎን ዘንጎች የእንፋሎት ባቡር ጌጥም ጭንቅም ናቸው። በታላቁ ባቡር የግራው ዘንግና የቀኙ ዘንግ በአንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ አይገኙም፤ አንዱ ሌላውን በሩብ ዙር፣ ማለት በ90 ዲግሪ ይቀድማል። ምክንያቱም ዘንጉ ከፒስቶኑ ጋር ቀጥ ብሎ በተሰለፈ ጊዜ ምንም ቢገፋ መንኰራኵሩን ሊያዞር ስለማይችል ነው፤ ይህ የሞት ነጥብ ይባላል። የግራው በሞት ነጥብ ላይ ሲሆን የቀኙ በሙሉ ኃይሉ ይገፋል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች እየተራዱ አንዱ የደከመበትን ሌላው ያሻግራሉ።

በታናሺቱም የሩብ ዙሩ ሥርዓት ይጠበቃል። አንዱ መንኰራኵር በዘንጉ ላይ ጥቂት እንኳ ዞሮ ከቦታው ከተንሸራተተ የጎን ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ባቡሪቱም በየዙሩ ታነክሳለች። ይህን ለማወቅ የጎን ዘንጎቹን ፈትቶ ባቡሪቱን መሞከር ነው። ያለ ዘንግ ሞተሩ ዋናውን መንኰራኵር በደንብ ካዞረ እንከኑ በዘንጉ ወይም በሩብ ዙሩ ነው። አሁንም ካነከሰች ጥርሱ ይመርመር። የፕላስቲክ ጥርስ በብረት ዘንግ ላይ ተጨንቆ ስለሚኖር ከዘመን ብዛት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም በኩል ሲያልፍ በየዙሩ «ቀጭ» ይላል። ይህ በማጣበቂያ አይድንም፤ በአዲስ መተካት አለበት።

8ኛ ክፍል፤ ስለ ዘይት

ዘይት ያጣ መኪና ራሱን ይበላል፤ ዘይት የበዛበት መኪና ደግሞ ቆሻሻን ይጋብዛል። ለታናሺቱ ባቡር የሚበቃት በመርፌ ጫፍ የተንጠለጠለች አንዲት ጠብታ ናት። ለብረት ዘንግ ማረፊያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይስማማል። ለፕላስቲክ ጥርስ ፕላስቲክን የማይበላ ቀለል ያለ ግራሶ ያስፈልጋል። የኑግ ዘይት ወይም ሌላ የወጥ ቤት ዘይት ግን ፈጽሞ አይግባባት። በመጀመሪያ ቀን ያለሰልሳታል፤ ከዚያ በኋላ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደ ሙጫ ይደርቅና ያጣብቃታል። ዘይት ወደ ሐዲዱ፣ ወደ ሞተሩም ካርቦን እንዳይፈስ መጠንቀቅ ነው።

9ኛ ክፍል፤ በእውነተኛ እንፋሎት ለምትሄደው ባቡር የሚደረግ ጥንቃቄ

በእሳትና በውሃ በእውነት የምትሄድ ታናሽ ባቡርም አለች። እርስዋ ከሁሉ ይልቅ ታስተምራለች፤ ከሁሉ ይልቅም ጥንቃቄ ትሻለች።

በዚህች ባቡር የሚበዛው እንከን ከውሃ ይመጣል። በቤት ውስጥ ውሃ ደጋግሞ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ በሆዱ ነጭ የድንጋይ ቅርፊት እንደሚያበጅ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ይህ ቅርፊት በማፍያ ውስጥ ሲወፍር የእሳቱ ሙቀት ወደ ውሃው እንዳይደርስ ይከለክላል፤ ቀጫጭኖቹንም ቧንቧዎች ይዘጋል። ስለዚህ በጨርቅ የተጠለለ የዝናም ውሃ ወይም የተጣራ ውሃ መጠቀም ይገባል። ሥራ ሲያበቃም የቀረው ውሃ ይፍሰስ።

ማፍያ ውሃው ሳይመረመር እሳት አይነሣበት፤ ውሃ የሌለበት ማፍያ ይቃጠላል። የእንፋሎት ማስተንፈሻው ሳይፈተን እሳት አይነሣበት፤ የተጣበቀ ማስተንፈሻ ማፍያውን ወደ ቦምብ ይለውጠዋል። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ ክፍት ድስት በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። በተዘጋ ማፍያ ውስጥ ግን ግፊቱ ከአየር ግፊት አሥር እጅ በላይ ሲሆን ውሃው ከ180 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ማፍያው ቢቀደድ ይህ ሁሉ ውሃ በአንድ አፍታ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል።

ስለዚህ ተማሪ በራሱ ፈቃድ ከጣሳ ወይም ከቆርቆሮ ማፍያ ሠርቶ ዘግቶ በእሳት ላይ እንዳይጥድ መምህሩ አስቀድሞ አጥብቆ ይከልክል። ሽማግሌዎችም በየቤታቸው ይህን ይንገሩ። የእውቀት ፍላጎት ያለው ልጅ ይህን ለመሞከር የሚቸኵል ነውና፣ የሚጐዳውም ከሁሉ ይልቅ ትጉ የሆነው ተማሪ ይሆናል።

10ኛ ክፍል፤ ባቡር የሌለው ትምህርት ቤት ምን ያድርግ

ታናሽ ባቡር የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት ሊተው አይገባውም። ከሳንቃ የተቈረጡ አራት ክብ ሰሌዳዎች፣ ሁለት ቀጥ ያሉ በትሮች፣ ጥቂት ምስማርና ሽቦ ይበቃሉ። ሰሌዳዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በበትሮቹ ጫፍ ይጠበቁና በየጎኑ ያሉት ሁለቱ በሽቦ ዘንግ ይያያዙ። መጀመሪያ የግራና የቀኝ ዘንጎች እኩል ሆነው ይገጠሙ፤ ተማሪው ዘንጎቹን በእጁ እየገፋ መንኰራኵሩን ያዙር። በሞት ነጥብ ላይ ሲደርስ እንደሚጣበቅ በገዛ እጁ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወገን በሩብ ዙር ቀድሞ ይገጠም፤ ተማሪውም በሁለት እጁ ተራ በተራ ሲገፋ ጭንቁ መጥፋቱን ያያል። በቃል ብቻ የተነገረው ነገር ይረሳል፤ እጅ የተማረው ግን ይኖራል።

ማጠቃለያ

ባቡሪቱ ስትቆም መምህሩ ሳጥኑን ሳይሆን ጠመኔውን ያንሣ። ተማሪዎቹን በዙሪያው ሰብስቦ «ምክንያቱ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከሐዲድ ወደ መንኰራኵር፣ ከመንኰራኵር ወደ ማያያዣ፣ ከማያያዣ ወደ ዘንግና ወደ ጥርስ፣ በመጨረሻም ወደ ሞተር ይሂድ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሳትቆም ከምትሄደው ባቡር ይልቅ ቆማ የምትታረመው ባቡር ብዙ ታስተምራለች። ዛሬ የታናሺቱን ባቡር እንከን በተራ መፈለግ የለመደ ልጅ፣ ነገ የወፍጮው መኪና ሲቆም፣ የውሃው ሞተር ዝም ሲል፣ «ተበላሽቷል» ብሎ አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ የቆመበትን ምክንያት ይፈልጋል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ባቡሪቱ አሥር ጊዜ ዞራ አሥሩንም ጊዜ በአንድ ስፍራ ብትቆም እንከኑ ከወዴት ነው? ስለ ምን?

2. ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ የምድር ባቡር ሠረገላ ለ87 ሲካፈል ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል?

3. የግራና የቀኝ ዘንጎች በሩብ ዙር መቀዳደማቸው ምን ይጠቅማል?

4. የኑግ ዘይት ለመኪና የማይስማማው ስለ ምንድር ነው?

5. በእንፋሎት ለምትሄደው ባቡር እሳት ከመነሣቱ በፊት የሚመረመሩት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?